«ጤዛ» እና የማስታወስ ፍርሃት

ሰሞኑን በንፋስ ስልክ-ላፍቶ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት፣ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ዳግም ለማየት ተሰብስበን ነበር። ፊልሙ እንዲታይ ከሁሉም አብልጠው የወተወቱት ልጃቸውን በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ያጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ተስፋዬ የሚገደልበት ትዕይንት ሲቀርብ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው «አለቀ?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ከቤት ግን አልወጡም። ፊልሙን እንደገና እንድመዝነው ያስገደደኝ ይኸው ነው።

«ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት የተቀዳጀ ሥራ ስለሆነ ስለ ዝናው ማተት አያሻም። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በአብዮቱ ዘመን ይመለሳል፤ ኋላም በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች እጅ ተጎድቶ፣ እግሩን አጥቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይገባል። እናቱ የደረሰበትን ማወቅ ትሻለች። እርሱም ማስታወስ ይሻል፤ ነገር ግን ትዝታው ቅዠት እየሆነ ሌሊት ያባንነዋል። ጋኔን ነው ተብሎም ጠበል ይወሰዳል። በእኔ ግምት የፊልሙ ጥልቀት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መርሳትን ፈሪነት ብሎ አይኮንንም። የታሪኩም ቅደም ተከተል የሚሰባበረው ዳይሬክተሩ ሊራቀቅ ሽቶ ሳይሆን የቆሰለ አእምሮ ያለፈውን በተርታ ሊያወሳ ስለማይችል ነው። በዚያ ላይ ሊረሳው የሚሻው ግፍ በደጁ ይፈጸማል፦ ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ።

የጀርመኑን ክፍል ግን ክርክር አጨናንቆታል። ገጸ ባሕርያቱ ሰው መሆናቸውን ትተው የአቋም መግለጫ የሚያነቡ ይመስላሉ። (ይህ የቴያትራችንም የቆየ ሕመም ነው፤ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም።) እኒያ እናት በዚህ ክፍል እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። የነቁትና ሳይሸፈኑ የተመለከቱት አንበርብር ሲባንን እናቱ የምታጽናናበትን ነው። ደራሲው ካስረዳን ይልቅ ዝም ባለበት ቦታ የየራሳችንን ሰው አስታወስን።

ስንለያይ፣ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አይተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉኝ።

የፊልሙን ዲስክ ግን ለጊዜው እሳቸው ዘንድ እንዲቆይ ለምነው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።