በአልትራሳውንድ ድምፅ ስለሚመራው የራስ ቅል ወለል ጥገና አጭር ሒስ

አንጎልን ከአፍንጫ ዋሻ የሚለየው አጥንት የራስ ቅል ወለል ይባላል። ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል ገብተው በዚያ የበቀለውን ዕጢ ካወጡ በኋላ የሚቀረው ቀዳዳ በሚገባ ካልተደፈነ፥ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ወደ አፍንጫ ይንጠባጠባል፤ ተሐዋስያንም በዚያው መንገድ ገብተው ማጅራት ገትር ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጥገናው ዕጢውን ከማውጣት የማያንስ ቁም ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሐዳድ፥ ባሳጋስቴጊና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአፍንጫ ማካፈያ ግድግዳ የሚገፈፈውን ለስላሳ ሽፋን፥ ከደም ቅዳው ሳይለዩ አዙሮ ቀዳዳውን መክደን እንደሚቻል በጽሑፍ አስታወቁ። ፈሳሽ የፈሰሳቸው ሕመምተኞች ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሽፋኑን የሚመግበው ቀጭን ደም ቅዳ ከስፌኖፓላታይን ተከፍሎ፥ በስፌኖይድ ዋሻ መክፈቻና በአፍንጫ የኋላ በር መካከል ያልፋል። በዚህ ቦታ ቀድሞ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን ደም ቅዳው ተቆርጦበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ሐኪሞች በዶፕለር አልትራሳውንድ ይጠቀማሉ። ቀጭኑ መመርመሪያ በቦታው ላይ ሲደረግ፥ ከሚሮጠው ደም የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ የደሙ እንቅስቃሴ በድምፅ ይሰማል። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ጨረርም ሆነ በመርፌ የሚሰጥ ቀለም አያሻውም። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው።

ነገር ግን «ድምፁ ተሰምቷል፤ እንግዲህ ሽፋኑ ይድናል» የሚለውን አነጋገር መቀበል ያስቸግራል። አንደኛ፥ በስፌኖይድ ዋሻ ግራና ቀኝ ትልቁ የውስጥ ካሮቲድ ደም ቅዳ ስለሚያልፍ፥ የተሰማው ድምፅ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ በቦዩ ራስ ላይ የውሃ ድምፅ መሰማቱ የእርሻው ጫፍ መራሱን አያስረዳም፤ የሽፋኑም ሥር ሲመታ ጫፉ ሊሞት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ዝምታው ነው። ሞገዱ ከደሙ ጉዞ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ የድግግሞሹ ለውጥ ዜሮ ይሆናል፤ በጠባቡ አፍንጫ ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ ማዕዘኑን እንደ ልቡ አይመርጥም። ስለዚህ ሕያው ደም ቅዳ ዝም ሊል ይችላል። ሐኪሙ ግን ዝምታውን አምኖ ሽፋኑን ይተወውና ከራስ ቆዳ ሥር ወይም ከጭን ሌላ ሥጋ ይወስዳል። ሕመምተኛው ሁለተኛ ቁስል ይሸከማል። የተተወው ሽፋንም ሳይፈተን ስለሚቀር ዝምታው እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ስሕተቱ ስለማይታይ ብቻ ትክክለኛ መስሎ ይኖራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድምፅ ሲሰማ መመርመሪያውን አንቀሳቅሶ ምንጩን መለየት፤ ሽፋኑ ከተገፈፈና ከዞረ በኋላም ደግሞ ማዳመጥ፤ ምክንያቱም ሥሩ ሲጠመዘዝ ደሙ ሊታገድ ይችላል። ዝም ሲል ደግሞ ሽፋኑን ከመተው በፊት ኢንዶሳያኒን ግሪን በተባለው ቀለም ደም መድረስ አለመድረሱን ማየት ይገባል። በዘዴው ላይ የሚጽፉም ሰዎች የተሰማላቸውን ብቻ ሳይሆን ያልተሰማላቸውን ሕመምተኞች መጨረሻ ጭምር ቢነግሩን ሥራቸው ይበልጥ የሚታመን ይሆናል። የመሣሪያ ዋጋ የሚታወቀው በተናገረበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዝም ባለበትም ጊዜ ጭምር ነውና።