ድንጋዩ ከመፈጨቱ በፊት

ፀረ ተባይ ኬሚካል ውሃ ባዘለ ዓለት ላይ ምን ያህል እንደሚጣበቅ ለማወቅ የምንሠራው ሙከራ ሲያዩት ቀላል ነው። ናሙናውን ፈጭተን በወንፊት እንነፋና መስታወት ጠርሙስ ውስጥ እንከተዋለን። ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ የገባበት ውሃ፣ ከዚያም መጠኑ የታወቀ ኬሚካል ይታከልበታል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሲናጥ ይቆይና ዝቃጩን በሴንትሪፉጅ ለይተን ውሃው ውስጥ የቀረውን እንለካለን። የጎደለው ዓለቱ ላይ ተጣብቋል እንላለን። እንዲህ ለማለት ግን ዱቄት ያልገባበት ሌላ ጠርሙስ አብሮ መናጥ አለበት፤ እንደ ዲዲቲ ያለ ከውሃ የሚሸሽ ኬሚካል ዕቃው ላይም ይለጠፋል፣ ፕላስቲክ ካገኘማ ይብስበታል።

እኔን የሚከነክነኝ መፍጨቱ ነው። ውሃ በቀላሉ የማይደርስበትን ገጽ ሁሉ ገልጠን ለኬሚካሉ እናቀርብለታለን፤ ድንጋዩ ከሆነው በላይ ቸር መስሎ ይታያል።

የደቡብ እንግሊዝን የጠመኔ ዓለት እንውሰድ። ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ይዘቱ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚገናኙበት አንገት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር ይጠብባል። ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል በላይ፣ በድንጋዩ አካል ውስጥ የሚሰርግ ውሃ በዓመት የሚወርደው አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስንጥቅ ያገኘ ውሃ ግን በቀናት ውስጥ ብዙ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ይዞት የሚወርደው ኬሚካል የሚነካው የስንጥቁን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳውም እምብዛም አይዝም። አትራዚንን የመሰለ ፀረ አረም በዋናነት የሚይዘው ብስባሽ ነው፤ ብስባሹ ደግሞ ከላይ አፈሩ ላይ ይቀራል፣ ጠመኔው ውስጥ ይህ ነው የሚባል የለም።

ታዲያ ኬሚካሉ ለምን ቶሎ ታጥቦ አይወጣም? ከስንጥቁ ወደ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ስለሚሰርግ ነው። በስንጥቁ የሚያልፈው ውሃ ሲጠራ ደግሞ በዚያው ዝግታ ይመለሳል። ሳይጣበቅም ይዘገያል ማለት ነው፤ ይህን የጠርሙሱ ሙከራ አያሳይም። ብሪታንያ አትራዚንን ከእርሻ ውጭ፣ ለምሳሌ በባቡር ሐዲድ ላይ፣ መርጨትን እ.ኤ.አ. በ1993 አገደች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 ከገበያ እንዲወጣ ወሰነ። ከዓመታት በኋላም እሱም ሆነ ከእሱ ተሰባብሮ የሚፈጠረው ውህድ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። ኅብረቱ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው የአንድ ፀረ ተባይ ወሰን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ አንዲት ግራም ዐሥር ሚሊዮን ሊትር ውሃ እዚያ ወሰን ላይ ታደርሳለች።

ስለዚህ የጠርሙስ ቁጥር ይዞ «ዓለቱ ያጣራዋል» የሚል ዘገባ ሲደርሰኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ናሙናው የወጣበትን ጉድጓድ ስንጥቆች የሚያሳይ የካሜራ ቀረጻና ያልተፈጨውን የድንጋይ ናሙና ነው። ብዙ ጊዜ ናሙናው ሁሉ ተፈጭቶ አልቋል።