«ፍቅር እስከ መቃብር» እና የቆላው ተማሪ ድርሰት

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ኖሯል። ዝናው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ የሚመረመረው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከመጽሐፉ ለድርሰት አጻጻፉ የሚያገኘው ጥቅም ነው። ለዚህም ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ በምሳሌነት ተወስደዋል።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ያውቃል። ስለዚህ «ሰብለ ወንጌል የማን ልጅ ናት?» ብሎ መጠየቅ የተሰማውን ማስደገም እንጂ ማስነበብ አይሆንም። እስከ 2011 ዓ.ም. ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ ተማሪው አሳቡን በአንቀጽ እንዲያደራጅ አላስገደደውም። ፈተናው ቀርቷል፤ ያስለመደው አጠያየቅ ግን አብሮት ይቀራል ተብሎ አይታመንም።

ለድርሰት መምህር የመጽሐፉ ብርታት በይበልጥ የሚገለጸው ጉዱ ካሳ ኅብረተሰቡን በድንጋይ ካብ መስሎ በሚናገርበት ክፍል ነው። ላይኛው ድንጋይ በታችኛው ተደግፎ ይቆማል፤ ታችኛው ከተነቃነቀ ላይኛውም ይናዳል። ንግግሩ ዓይን ከሚያየው ነገር ተነሥቶ ወደማይታየው የሥልጣን ሥርዐት ይሻገራል። ኋላም ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ በቃል የተነገረው በድርጊት ይፈተናል። አሳብ፣ ማስረጃና ድምዳሜ እንዴት እንደሚያያዙ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያለ ዝግጅት የሚሰጥ አይደለም። ርዝመቱ ብቻውን ጀማሪ አንባቢን ያደክማል። ዓለሙም የጎጃም ባላባት ቤትና የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል በሚገኘው ሸዋ ሮቢት ግን ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይመረታሉ፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአካባቢው ይገናኛሉ። ለብዙዎቹ ልጆች የቅኔና የድጓ ቤት ወግ የዕለት ኑሯቸው አይደለም። መምህሩ ምዕራፎችን መምረጥና ቃላትን አስቀድሞ ማብራራት ይኖርበታል።

የድርሰቱ ርእስ ግን ከቆላው ኑሮ ቢወጣ ይመረጣል። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ልጅ ወንዙ ሲያንስ ቅድሚያ ለላይኛው ማሳ ይገባል ወይስ ለታችኛው የሚለውን ክርክር ከቤቱ ያውቀዋል። ይህን ከጉዱ ካሳ ምሳሌ ጋር እንዲያነጻጽር ይጠየቅ። በካቡ ላይኛው በታችኛው ይደገፋል፤ በቦዩ ግን ታችኛው የላይኛውን ፈቃድ ይጠብቃል። ምሳሌው የት እንደሚሠራና የት እንደሚያንስ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ከጓደኛ ደብተር አይቀዳም።

ዕቅድ አውጪዎችም የተመረጡ ምዕራፎችን ከቃላት መፍቻ ጋር ማዘጋጀትና መምህሩ ድርሰት የሚያርምበትን ሰዓት በሥራ ድርሻው ውስጥ መቁጠር ይገባቸዋል። የማይታረም ድርሰት ቢበዛም ጸሐፊ አያወጣም። የውኃ ድርሻው የተነካበት ገበሬ አቤቱታውን ከፍሎ የሚያስጽፍበት ወይስ በልጁ እጅ የሚያስጽፍበት ጊዜ መምጣቱ የሚወሰነው በዚህ ትምህርት ነው።