የቤተሰብ ስልክ፣ ያለ ገመድ

የገመድ አልባው የቤት ስልክ ትልቁ ውለታ ስልኩን ከግድግዳ ፈትቶ ከቤቱ ግን አለማውጣቱ ነው። ሞባይል የአንድ ሰው ነው፤ ይህ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ለመትከልም ባለሙያ አያስጠራም፤ ማስቀመጫው ከስልክ መስመሩና ከመብራት ይያያዛል፣ የመነጋገሪያው ባትሪ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ከዚያ መደወል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የወጣው ዴክት የተባለው ደረጃ ከአንድ ማስቀመጫ ጋር በርካታ መነጋገሪያዎችን ያገናኛል፤ ቤት ውስጥም እስከ 50 ሜትር ድረስ ይሠራል። ጉልበታቸው የደከመ እናት ሳሎን ድረስ መጣደፍ ይቀርላቸዋል፤ ስልኩ አልጋቸው አጠገብ ይጠራል። መነጋገሪያው የገባበት ቢጠፋ እንኳ ማስቀመጫው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ከሶፋው ትራስ ሥር ይጮኻል።

“ሞባይል እያለ ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ሞባይል ግን ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፤ የቤቱ ቁጥር ቤት ከቀሩት አያትና ልጆች ጋር ያገናኛል። ከባዱ ተቃውሞ የመብራት ጉዳይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማስቀመጫው ስለማይሠራ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ስልኩ ዝም ይላል። ይህ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። የመዳብ መስመር ያላችሁ፣ ባለገመዱን አሮጌ ስልክ አትጣሉት፤ ኃይሉን ከመስመሩ ስለሚያገኝ በዚያው መስመር ላይ ሰክታችሁ አቆዩት።