ያብለጨለጨውን ጠመንጃ አትመኑት

ከጥገና ተመልሶ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ ጠመንጃ ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። መጀመሪያ ብረቱ ላይ የነበረው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ፋብሪካው ያንን ቀለም ለጌጥ አልቀባውም። ዘይት ይዞ የሚቆይና ዝገትን የሚያዘገይ ስስ ሽፋን ነው። የብርጭቆ ወረቀት ይዞ የተነሣ "ባለሙያ" በግማሽ ቀን ልጦ ይጨርሰዋል። ደንበኛውም "እጅህ ይባረክ" ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ግን፣ በተለይ ዲንሾ ላይ፣ የተላጠው ብረት ቡናማ ለመሆን ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ዲንሾን ያነሣሁት ጠመንጃ አያያዝ የሚፈተንበት አገር ስለሆነ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው፣ ከጽዱና ከኮሶው ዛፍ መሐል ነው። ወደ ደቡብ ሲወጡ 4,000 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የሳነቴ አምባ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን አንግቶ፣ አንዳንዴም በፈረስ፣ ይህን ሁሉ ይዞራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ፣ ሌሊት ውርጭ ይፈራረቅበታል። የሚተኩሰው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የእሱ ጠመንጃ ከመተኮስ ይልቅ በመሸከም ያልቃል፤ ጉዳቱን የሚፈልግ ሰውም ኮርቻ የሚፈትገውን የሰደፍ ጎን፣ የማንገቻውን ቀለበትና የአፈሙዙን ጫፍ አስቀድሞ ማየት አለበት።

ይህ ፓርክ የሚጠብቀው የደጋ አጋዘን ራሱ ለሳይንስ የተዋወቀው በጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገድሎ የወሰደውን ናሙና አይተው የእንስሳት ሊቃውንት በ1910 በስሙ ሰየሙት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ መቆጣጠሪያ ያጣው ጠመንጃ በፓርኩ የጋይሳይ ሜዳ ላይ የነበረውን አጋዘን ክፉኛ አመናምኖት ነበር። ዛሬ ፓርኩ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አጋዘኑን የሚጠብቀውም ያው ጠመንጃ፣ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው።

ወደ ብረቱ እንመለስ። የደጋ ጠመንጃ የሚበላሸው ውርጩ ላይ ሳለ ይመስለናል። የሚብሰው ግን ቤት ሲገባ ነው። ከሳነቴ ቀዝቅዞ የወረደ ብረት እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ያልበዋል፤ የቤቱ እንፋሎት ጤዛ ሆኖ ውጭውንም ውስጡንም ያለብሰዋል። ባለቤቱ ላዩን በጋቢው ጠርግ አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። መቀርቀሪያው ውስጥና ሞላው ላይ ያለውን ውኃ ግን ማንም አያየውም። አዋቂ ሰው ጠመንጃውን ጥይት አውጥቶ፣ ከዓይኑ ሳይርቅ፣ ከእሳቱ ራቅ ያለ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያቆየዋል። ቀስ ብሎ ከሞቀ በኋላ ይፈታዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይቀባዋል። ስለዚህ የአያያዝ ጥራት ስትመዝኑ የሚታየውን ትታችሁ መቀርቀሪያውን አስወጡ። እዚያ ውስጥ ጥርት ያለ ብረት ካያችሁ የላዩ መፋተግ አያስጨንቃችሁ።

ዘይቱም ይናገራል። ብዙ ሰው መቀባትን ከማጠጣት አይለይም። በደጋ ብርድ ወፍራም ግሪስ እንደ ሰም ይደርቅና ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ያዘገየዋል፤ ቃታው ይሳባል፣ መርፌው ይደርሳል፣ ግን ጥይቱን አያቀጣጥለውም። በበጋ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። ሞራና ቅቤ ሲቆዩ አሲድ ያወጣሉ፤ ለቆዳ ማንገቻ ያልፋሉ፣ ለብረት አይሆኑም። ላምባና ናፍጣ ቆሻሻ ያለቅቃሉ እንጂ ጠባቂ አይደሉም፤ በእነሱ አጥቦ እዚያው ላይ የሚያቆም ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የተወው። በደንብ የተቀባ ብረት ላይ አውራ ጣታችሁን ብታስኬዱ ስስ ልስላሴ ትሰማላችሁ፤ ጣታችሁ ላይ የሚቀር ጠብታ ግን አይኖርም።

ሽማግሌዎች ጠመንጃን በፈላ ውኃ የማጠብ ልማድ ነበራቸው ሲባል የሚስቅ ወጣት አለ። አይሳቅ። አድዋ ላይ ከዋሉት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 11 ሚሊሜትር መሣሪያ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት የሚለቀው በውኃ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የድሮ ወታደራዊ ጥይትም ብዙው በመለኮሻው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲተኮስ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ይህም ከገበታ ጨው ጋር የተቀራረበ ጨው ነው። እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል፣ ዘይትም አያሟሟውም። ዘይት ብቻ አፍስሶ "ወለወልኩት" ያለ ሰው ጨዉን ከዘይቱ በታች ቀብሮታል። ትክክለኛው አሠራር የፈላ ውኃ፣ ከዚያ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መጥረግ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ በመጨረሻም ስስ ዘይት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ ጠጋኝ ካገኛችሁ ያዙት።

በሰደፍ ጥገና ላይ ያገራችንን ባለሙያዎች አደንቃለሁ። ከኢትዮጵያ ወጥተው ወደ አሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች ሲታዩ አንገታቸው ላይ የተሰነጠቁት ሰደፎች በጥሬ ቆዳ ተሰፍተው ይገኛሉ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ቆዳው እርጥብ እንዳለ ስንጥቁ ላይ ተጠቅልሎ በጠፍር ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ስፌቱ ነው። ጥሩ እጅ ስፌቱን መዳፍ በማያርፍበት በታች በኩል ያስኬደዋል፤ የቆዳው ጠርዝ ቀጥኖ ተፍቆ ከእንጨቱ ጋር ይገናኛል፤ ሰደፉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ብታጣምሙት ድምፅ አይሰጥም። መጥፎው እጅ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ሚስማር ይመታል፣ ላዩን በቨርኒሽ ይሸፍናል። ሚስማሩ ራሱ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥገናው ሁለት ቦታ ይሆናል። እኔ በቆዳ የተሰፋን ሰደፍ ጉድለት አልለውም።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍኤን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተገዛውና ሕዝቡ ቤልጅግ ያለው ጠመንጃ ደግሞ ሌላ መፈተሻ ይሰጣል። የአንበሳው ምልክት የተመታበትን ካገኛችሁ ምልክቱን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጠርዙ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ብረቱ አልተላገም። ፊደሉና አንበሳው ቀልጠው የሳሙና ላይ ጽሑፍ ከመሰሉ ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት አልፎባቸዋል። መለያ ቁጥሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ከጥራት ጥያቄ ወጥታችኋል፤ ያ የሕግ ጉዳይ ነው፣ አትንኩት።

ብሎኖቹን ሳታዩ አትለፉ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በላዩ የቸኮለ ሰው ለውስጡም አላዘነለትም። ሞርሳ የነከሰው አፈሙዝም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ፓምፕ አክሽኑ፣ እጀታው እየተሳበ ጥይት ወደሚጎርሰው የወፍ ማደኛ ጠመንጃ እንሂድ። በባሌ ብዙ የሚታይ መሣሪያ አይደለም፤ በፓርኩ ውስጥ ማደን ስለተከለከለ የዲንሾ ቆቅም እንደልቧ ትጮሃለች። ጥገናን ለመዳኘት ግን ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ ሥራው ሁሉ በእጅ ስለሚሳብ ጉድለቱ በእጅ ይሰማል። በሰፊው የሚታወቀው ሬሚንግተን 870 እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ፤ በ2009 አሥር ሚሊዮነኛው ተሠርቷል። የሚሳበው እጀታ በግራና በቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉት፤ እነሱም መቀርቀሪያውን ሳይጣመም ይገፉታል። እጀታው ጥቂት ቢንቀጫቀጭ ጤነኛ ነው። "አጥብቅልኝ" የሚል ደንበኛና እሺ ብሎ የሚያጠብቅ ጠጋኝ አብረው ያበላሹታል።

ይህን መሣሪያ የተቀበለ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያደርገውን ተመልከቱ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ከፍቶ፣ የጥይቱን ማረፊያ ብቻ አይቶ ከዘጋው ጠመንጃችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ከአፈሙዙ ሥር ያለው ቱቦም ጥይት ይይዛልና በዓይንም በጣትም መፈተሽ አለበት።

ቀለሁ አልወጣም ብላችሁ ከመጣችሁ ደካማው ጠጋኝ ሞረድ አንሥቶ ቀለህ የሚስበውን ጥፍር ይስላል። ጥፍሩ ግን በወረፋ ኋላ ነው። በቅድሚያ የጥይቱ ማረፊያ ዝጎ ወይም የፕላስቲክ ቅሪት ይዞ ቀለሁን አጣብቆት እንደሆነ ይታያል፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት ጥይት ይሞከራል፤ ከዚያ ባለቤቱ እጀታውን እስከ መጨረሻው መሳቡ ይጠየቃል። ብዙ "ብልሽት" እዚህ ላይ ያልቃል፤ ታማሚው ሰውዬው ነው። ጥይት ሁለት ሁለት እየሆነ ከመጣ አንድ በአንድ የሚለቁት ማገጃዎች ደክመዋል ወይም ተጣመዋል። ጥይቱ ከቱቦው እየዘገየ ከወጣ ሞላው ነው፤ እሱን ጎትቶ አስረዝሞ የሚመልስ ሰው የሳምንት ጥገና ሸጦላችኋል። ሞላ ይለወጣል እንጂ አይጎተትም።

አፈሙዙን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን አሳልፋችሁ እዩ። ብርሃኑ እኩል እኩል ክብ እየሠራ መሄድ አለበት። መሐል ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ካቋረጠው፣ አንድ ጊዜ ጭቃ ወይም ጨርቅ ተወትፎበት ተተኩሶ አብጧል። ይህ አይጠገንም፤ ቀጥቅጬ እመልሰዋለሁ ያለ ሰው በሕይወታችሁ ይቀልዳል።

ርክክቡ ላይ ጠጋኙ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ቱቦውን ሞልቶ፣ አንዴ በዝግታ አንዴ በፍጥነት፣ አፈሙዙን ወደ ላይም ወደ ታችም አድርጎ ፊታችሁ ያሳይ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያወጣችሁት ፈቃድ አብሯችሁ ይኑር፤ ፈቃድ የማይጠይቅ ጠጋኝ ለእናንተም አይጠነቀቅም። ለወጥኩ ያለውን አሮጌ ሞላና ፒን ተቀበሉት፤ አሮጌውን ማሳየት ካልቻለ የአዲሱን ዋጋ አትክፈሉ።