እንስሳው ራሱ ይመስክር

ኬንያ፣ አምቦሴሊ። ከቁጥቋጦ ጀርባ አንድ ድምፅ ማጉያ ተደብቋል። ፊት ለፊቱ ሦስት እንስት ጦጣዎች ተቀምጠዋል። ሦስቱም እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን ከዓይናቸው ርቀዋል። ከማጉያው የአንድ ግልገል ጩኸት ለአፍታ ይሰማል። የግልገሉ እናት ከሌሎቹ ቀድማ ወደ ድምፁ ትዞራለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ሁለቱ ጎረቤቶቿ ያደረጉት ነው፤ ወደ ድምፁ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረው አዩ።

ሙከራውን ያካሄዱት ዶሮቲ ቼኒ እና ሮበርት ሴይፋርዝ ናቸው። ውጤቱን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ጦጣዎቹ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የዓይናቸው አቅጣጫ ግን ብዙ ተናገረ። የሚጮኸው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆነም ያውቃሉ። የዱር እንስሳትን ግንኙነት የማጥናት ሙያ ዋና ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው «ይህ ድምፅ ለእኔ ምን ይመስላል?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄውን እንስሳው በአካሉ ሊመልሰው በሚችል መንገድ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ዳር ይዞ ምስክርነቱን ያዳምጣል።

ጦጣዎቹ ስለ አዳኝ የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያ የተጠናውም በዚሁ መንገድ ነው። ቶማስ ስትሩሴከር የተባለ ተመራማሪ እዚያው አምቦሴሊ ውስጥ ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ጩኸት እንደሚያሰሙ እ.ኤ.አ. በ1967 ጽፎ ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬው አልጠፋም። ምናልባት ጩኸቱ የፍርሃቱን መጠን ብቻ ይገልጽ ይሆናል። ምናልባትም ጦጣዎቹ የሚሸሹት ጩኸቱን ሰምተው ሳይሆን አዳኙን ራሳቸው አይተው ይሆናል። ይህን ለመለየት አንድ ነገር መቀነስ ያስፈልጋል፤ አዳኙን። ሴይፋርዝ፣ ቼኒ እና ፒተር ማርለር የተቀረጹትን ጩኸቶች ነብርም ንስርም በሌለበት አሰሙ። ጦጣዎቹ የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ፤ የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አንጋጠጡ፤ የእባቡን ሲሰሙ ደግሞ በኋላ እግራቸው ቆመው ዙሪያቸውን ሣር ውስጥ ቃኙ። ግልገሎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ገና ሲጀምሩ ለማይጎዳቸው ወፍ፣ አንዳንዴም ከዛፍ ለሚረግፍ ቅጠል የንስር ጩኸት ያሰማሉ። ዕድሜያቸው ሲጨምር ጩኸቱን እውነተኛ ለሆኑት አዳኞች ብቻ እያዋሉት ይሄዳሉ።

ሙከራው ራሱ ሰከንዶች ይፈጅ ይሆናል። ዝግጅቱ ግን የወራት፣ ብዙ ጊዜም የዓመታት ሥራ ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስሜን ተራሮች ድረስ መውጣት ይበቃል።

ጭላዳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ተቀመጠ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣር በጣቶቹ እየነጨ ይውላል። ኑሮው በቤተሰብ ነው። አንድ አውራ፣ ዘመዳሞች የሆኑ ጥቂት እንስቶችና ግልገሎቻቸው አንድ ቤት ይሆናሉ። ብዙ ቤተሰቦች ሲገጥሙ በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ ይፈጠራል። ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚህ ተራራ ላይ ጭላዳን አጥንቷል፤ የጃፓን ተመራማሪዎችም በዚያው ዘመን እዚያው ስሜን ውስጥ ግጭ በተባለው ቦታ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በጃሲንታ ቢነር እና ቶር በርግማን የተመሠረተው የጥናት ቡድን ሳንቃ በር አካባቢ ያሉትን ቤተሰቦች በተከታታይ ሲከታተል ቆይቷል።

የመጀመሪያው ሥራ ማላመድ ነው። ይህ ሲባል እንስሳው ሰውን እንዲወድ ማድረግ አይደለም፤ ሰውን ከምንም እንዳይቆጥረው ማድረግ ነው። ተመራማሪው በየቀኑ ይመጣል፤ አይሮጥም፣ ድንጋይ አያነሳም፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አይወረውርም። መንጋው በጥቂት ሜትሮች ርቀት እየጋጠ ሲያልፈውና ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ሲቀር ያን ጊዜ ሥራ መጀመር ይችላል። ከዚህ በፊት የተመዘገበ ማንኛውም ባሕርይ ግማሹ ስለ ጭላዳ፣ ግማሹ ስለ ተመራማሪው የሚያወራ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መለየት ይመጣል። የተቀደደ ጆሮ፣ ከንፈር ላይ ያለ ጠባሳ፣ የታጠፈ ጅራት፣ የጎፈር ቀለም፣ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ቅርጽ፤ ሁሉም መታወቂያ ነው። የደረቱ ቅላት ራሱ መረጃ ይዟል፤ ቤተሰብ ያላቸው አውራዎች ከላጤዎቹ ይልቅ ቀላ ያለ ደረት እንዳላቸው ተለክቶ ታውቋል። ማን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ «አንድ ወንድ ለአንዲት እንስት ድምፅ አሰማ» ከማለት የሚያልፍ ነገር መጻፍ አይቻልም። ሲታወቅ ግን ያው ዓረፍተ ነገር የቤተሰብ ታሪክ ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ማስታወሻ አያያዝ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የሰው ዓይን ግርግር ይወዳል። ሁለት አውራዎች ጥርሳቸውን ገልጠው ሲባረሩ ሁሉም ወደዚያ ያያል፤ አንዲት እንስት ጥግ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ጸጉር ስትፈትሽ ማንም ልብ አይላትም። ማስታወሻው በዚሁ ከቀጠለ ጭላዳ ሲጣላ የሚውል እንስሳ ሆኖ ይቀርባል። ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን አድልዎ አንድ በአንድ ተንትና መፍትሔ አቀረበች። ተመራማሪው አንድ እንስሳ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ለተወሰነ ደቂቃ ያንኑ ብቻ ይከተላል፤ ቢተኛም፣ ቢያዛጋም፣ ምንም ባያደርግም ይጽፋል። ከጀርባው ጠብ ቢፈነዳ እንኳ ዞር አይልም። አሰልቺ ነው። ሆኖም ዛሬ በመስኩ የሚሠራ ሁሉ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ድምፅ መቅረጹ ደግሞ ከነፋስ ጋር ትግል ነው። ማይክሮፎኑ በጸጉራም ሽፋን ተጠቅልሎ ወደ አንድ ጭላዳ ይነጣጠራል፤ ማን እንዳሰማው፣ ለማን እንዳሰማው፣ በዚያች ቅጽበት ምን እየሆነ እንደነበር እዚያው ላይ ይመዘገባል። ከዚያ ኮምፒውተር ድምፁን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ጊዜው ወደ ጎን፣ ቅጥነትና ጉርናው ወደ ላይ ይነበባል። ጆሮ ያለፈውን ዓይን የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። የጭላዳ ወንዶች እንስቶቻቸውን ሲቀርቡ ከንፈራቸውን በፍጥነት እየገጠሙና እየከፈቱ የሚያሰሙት የሚርገበገብ ድምፅ አለ። በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲለካው የከንፈሩ ምት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ሆኖ አገኘው፤ ይህ ከሰው ንግግር ምት ጋር በጣም ይቀራረባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞርጋን ገስቲሰን እና ባልደረቦቿ የ57 ወንዶችን ከ1,000 በላይ የድምፅ ሰንሰለቶች መረመሩ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር በውስጡ ያሉት ጥሪዎች በአማካይ እያጠሩ ይሄዳሉ። ይህ ሕግ አስቀድሞ የታወቀው በሰው ቋንቋ ውስጥ ሲሆን ስሙም ጀርመናዊውን የቋንቋ ሊቅ ፖል ሜንዘራትን ይዟል።

ጋዜጣ ይህን ቢያገኝ «ጭላዳ ይናገራል» ብሎ ይጽፍ ነበር። ባለሙያው እዚህ ጋ ፍሬን ይይዛል። ምቱ ወይም የርዝመቱ ሥርዓት ከንግግር ጋር መመሳሰሉ ትርጉም አለው ማለት አይደለም። ትርጉም ካለው መመስከር ያለባት ሰሚዋ ናት። ስለዚህ ማጉያው ወደ ሜዳ ይወጣል። ተራ ጉርምርምታ ብቻ ያለበት ሰንሰለትና ለየት ያሉ ጥሪዎች የታከሉበት ሰንሰለት ለእንስቶች ሲሰማ፣ የኋለኛው ትኩረታቸውን ይበልጥ ሳበው። ይህ ማስረጃ ነው፤ ልኩም እስከዚያ ድረስ ነው።

ማጉያውን መጠቀም የራሱ ሥርዓት አለው። ድምፁ ከተፈጥሮው አይብለጥም። የአንድ አውራ ድምፅ ሲሰማ ያ አውራ በእርግጥ ሊኖርበት በሚችል አቅጣጫ በኩል መሆን አለበት፤ ባለቤቱ እፊታቸው ተቀምጦ ድምፁ ከኋላ ቢመጣ እንስሳቱ የሚደነግጡት በተንኮሉ ይሆናል። አንድ ጥሪ ደጋግሞ ማሰማትም አይበጅም። ዶናልድ ክሩድስማ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስገነዘበው፣ የአንድ ወፍ አንድ ዜማ ለብዙ ወፎች ቢሰማ የተፈተነው ያ አንድ ቅጂ እንጂ የዝርያው ዜማ አይደለም። ከሁሉ በላይ ሙከራው አልፎ አልፎ ብቻ መደረግ አለበት። በየቀኑ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሰማ መንጋ እውነተኛው ሲመጣ ችላ ሊል ይችላል፤ ያ ደግሞ ጥናቱንም ያበላሻል፣ እንስሳውንም ያስበላል።

አንዳንዴ መልሱ ዝምታ ነው። በርግማን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሥራ የጭላዳ ወንዶች በቅርብ አብረዋቸው የሚውሉ ሌሎች ወንዶችን በድምፅ ይለዩ እንደሆነ ፈትኖ ነበር። ብዙም የልየታ ምልክት አላገኘም። ለጀማሪ ይህ የከሸፈ ሙከራ ይመስላል። ነገር ግን የአምቦሴሊ ጦጣዎች ግልገሉን በድምፁ ለይተው እናቱን ሲያዩ፣ በመቶዎች መካከል የሚኖረው ጭላዳ ጎረቤቱን በድምፅ አለመለየቱ ራሱ ግኝት ነው። በሰፊ መንጋ ውስጥ እያንዳንዱን ማወቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ይጠቁማል።

ሌላም ዝምታ አለ። ጭላዳዎች ለተራክቦ ሲገናኙ ድምፅ ያሰማሉ። አሊዛ ለ ሩ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት ግን እንስቷ ከአውራው ሌላ ከሆነ ወንድ ጋር ስትገናኝ ሁለቱም ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ አውራው ከ20 ሜትር በላይ ሲርቅም ድፍረታቸው ይጨምራል። አውራው ከደረሰባቸው ይቀጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ያልተሰማውን ድምፅ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህም የሚቻለው አስቀድሞ መቼ መሰማት እንደነበረበት በትክክል ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው።

ድምፅም ዓይንም የማይደርሱበት ቦታ አለ። እዚያ ምስክሩ ዓይነ ምድር ነው። ተመራማሪው መንጋውን እየተከተለ ከታወቀች እንስት የወደቀውን ወዲያው ያነሳል፤ ከውስጡ ሆርሞን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የስሜን ጥናት በዚህ መንገድ አስገራሚ ነገር ገለጠ። አዲስ ወንድ መጥቶ የቤተሰቡን አውራ ሲያባርር፣ እርጉዝ ከነበሩት እንስቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ይቋረጣል። በዚያው ዓመት ግደይ ይርጋ እና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ የጅብን ዓይነ ምድር መርምረው ውስጡ ያለውን ጸጉር ለዩ። የአህያ ጸጉር የተገኘበት ድርሻ ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወራት 33.1 በመቶ ደረሰ። ከብት በማይታረድበት ወቅት የሚጣል አጥንትና ትርፍራፊ ስለሚቀንስ ጅቡ ወደ አህያ አደን ያዘነብላል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጅብን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የአገሩን ጾምና ፍስክም ማወቅ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ፈተና ታሪክ የመፍጠር ፍላጎት ነው። መንዝ፣ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል፤ ግልገሎች አጠገቡ እያሉ አይነካቸውም፣ እነሱም አይሸሹትም። የተመለከተ ሁሉ «ወዳጅነት» ማለት ያምረዋል። ቪቬክ ቬንካታራማን እና አብረውት የሠሩት፣ ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊን ጨምሮ፣ ቃሉን ትተው ቆጠሩ። ቀበሮው በመንጋው መካከል አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካ ብቻውን ሲያድን የተሳካለት 25 በመቶው ነበር። ምናልባት የሚግጠው መንጋ አይጦቹን ያውካቸው ይሆናል፤ ምናልባትም መንጋው ቀበሮውን ይሸፍነው ይሆናል። ሁለቱም ግምት ናቸው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው እንስሳቱ ሰውን ከምንም ባለመቁጠራቸው ላይ ነው። ከጎብኚ እጅ ብስኩት የለመደ ጭላዳ ሰው ሲያይ ሣሩን ይተዋል፣ ይለምናል፣ ይነጥቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ባሕርይ የጭላዳ ኑሮ አይደለም። ስለዚህ ወደ ስሜን ወይም ወደ ጓሳ የምትወጡ ሁሉ፣ ምግብ አትስጡ፤ ወደ ገደሉ የሚመለሱበትን መንገድ አትዝጉ፤ አጃቢው ስካውት ራቁ ሲላችሁ ራቁ። ጊዜ ካላችሁም አንዱን ጭላዳ ምረጡና ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ተከታተሉት።