እውነትን ማሳለፍ

ለቀልድ የሚሆን ውሸት መጻፍ አይከብድም። እጁ የተፍታታ ሰው ከምሳ በፊት አንድ ገጽ ሞልቶ ይነሳል። የሚያደክመው በዚያ ገጽ መካከል ማንም ሳይነቃባት የምታልፍ አንዲት እውነት ማስቀመጥ ነው። ለሬዲዮ የመዝናኛ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ ይህን ሥራ በአብዛኛው የተማርኩት «ዘ አንቢሊቨብል ትሩዝ» የተባለውን የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ጨዋታ ደጋግሜ በማዳመጥ ነው።

ጨዋታውን የፈጠሩት ግሬም ጋርደንና ጆን ኔይስሚዝ ናቸው። የሙከራ ዝግጅቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ተላለፈ፤ በዓመቱ መደበኛ ፕሮግራም ሆነ። የሚመራው ኮሜዲያኑ ዴቪድ ሚቸል ነው። ሕጉ አጭር ነው። አራት ተወዳዳሪዎች በየተራቸው ስለተሰጣቸው ርዕስ አጭር ንግግር ያደርጋሉ። ከአምስት እውነቶች በቀር ንግግሩ በሙሉ ውሸት መሆን አለበት። ሌሎቹ ሦስቱ እውነት የሰሙ ሲመስላቸው ደወል ይጫናሉ። ካገኙ አንድ ነጥብ ይያዝላቸዋል፤ ውሸቱን እውነት ነው ብለው ከደወሉ አንድ ይቀነስባቸዋል። ተናጋሪውም ሳይነቃበት ላሳለፈው ለእያንዳንዱ እውነት አንድ ነጥብ ያገኛል።

እዚህ ላይ የሚታደነው እውነቱ ነው። ተናጋሪው እንደሚዋሽ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ውሸታም ብሎ የሚያጋልጠው አያስፈልግም። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ባያውቅ እንኳ ጥያቄው የቱ እንደሆነ ያውቃል። በዚህ ጨዋታ ግን ከሠላሳ ዓረፍተ ነገር መካከል ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ለአድማጩ የሚነግረው የለም። የጸሐፊው ሥራ ያለውም እዚያ ነው።

ርዕሱ ቡና ነው እንበል። ለማመን የሚያስቸግሩ እውነቶች ሞልተዋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1675 ቡና ቤቶች እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ፤ ተቃውሞው ስለበረታበትም አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል ሰረዘው። ዮሐን ሴባስቲያን ባክ ቡና ካልጠጣሁ የምትል ልጅና ተይ የሚላት አባት የሚጨቃጨቁበት የሙዚቃ ድርሰት አለው። በ1991 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ቡና ማፍያቸው ላይ ካሜራ ደቀኑበት፤ ቡናው ማለቅ አለማለቁን ከወንበራቸው ሳይነሱ ለማየት። ካሜራው በ1993 ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ፣ በ2001 እስኪጠፋ ድረስ የሩቅ አገር ሰው ሁሉ ያንን ማፍያ ሲመለከት ኖሯል።

ይህን የመጨረሻውን እውነት አሁን እንደጻፍኩት ባነበው ደወሉ ወዲያው ይጮኻል። ዓመተ ምሕረቱና የዩኒቨርሲቲው ስም ማስረጃ፣ ማስረጃ ይሸታሉ። ስለዚህ ከእውነቱ ላይ ገፍፌ ውሸቱን አለብሰዋለሁ። «በ1823 የቬኒስ ቡና ቆይዎች ማኅበር ማንኪያ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ» ብዬ እጀምርና እቀጥላለሁ፦ «የእንግሊዝ ምሁራን ቡናቸውን የሚጠብቅ ዘበኛ ቀጠሩ። ዘበኛው ጠጥቶ ጨረሰው። ተመራማሪዎችም ቡናው ማለቅ አለማለቁን ከወንበራቸው ሳይነሱ ለማየት ካሜራ ደቀኑበት። ካሜራው በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እንቢ ብሎት ተበላሸ።» ተመራማሪዎቹን የምታነሳው ዓረፍተ ነገር ንጹሕ እውነት ናት፤ የዘበኛው ቀልድ ተከታይ ስለምትመስል ግን ጆሮ አያቆማትም። አንዱ ተወዳዳሪ እጁን ወደ ደወሉ ሲሰድ የካሜራው እንቅልፍ ማጣት ሳቅ አምጥቶ ይሸፍናታል። ጨዋታው ተመልካች ፊት ስለሚቀረጽ ይህ ሳቅ የተናጋሪው አጋዥ ነው።

እውነቷን እንዳላቆሽሻት ግን እጠነቀቃለሁ። «ዘበኛውን በካሜራ ተኩት» ብል ዘበኛ ስላልነበረ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ውሸት ይሆናል፤ ግማሽ ውሸት ደግሞ ጨዋታውን ወደ ክርክር ይለውጠዋል። አነባበብም አለ። ሬዲዮ ላይ ፊት አይታይም፤ ስለዚህ አድማጩ የሚያጠምደው ትንፋሽን ነው። እውነት ከመናገሩ በፊት ትንሽ የሚያርፍ አንባቢ ራሱን ያጋልጣል። ማረፍ ካለበት ውሸቱ ላይ ይረፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማጣራቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት ቅጣት የሚፈጸምበትን የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው፣ አገሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው ሲረዱ ዙፋን አደረጉት የሚል ወሬ አለ። በእንግሊዝኛ «አስገራሚ እውነታዎች» እየተባለ ለዓመታት ታትሟል። ከዘመኑ የተጻፈ አንድም ሰነድ ሲጠቀስለት አላየሁም። ወሬው የሚያስቅ፣ አጭርና የተዋጣለት በመሆኑ ብቻ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ፤ የአንድ አገር መሪም መሳቂያ ሆኑበት። እውነት ፈልጎ የሚጽፍ ሰው ሊፈራው የሚገባው እንዲህ ያለውን ነው፤ ታሪኩ ሲያምር ጥርጣሬዬ ይጨምራል።

ውሸቱም ይጣራል። ዓለም ሰፊ ስለሆነች ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነገር የሆነ ቦታ የተፈጸመ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ደወል የተጫነው ተወዳዳሪ ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ የቬኒስን ማንኪያዎች እንኳ ሳልፈትሽ አላሳልፍም።

አንድ እውነት የትም አገር እኩል አይደበቅም። ዓመቱ 13 ወር የሆነ፣ የመጨረሻው ወር አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያለው አገር አለ ብለው ለንደን ላይ ቢያነቡት ብዙ ሰው በፈጠራነቱ ያሳልፈዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሁሉም ይደውላል። በአማርኛ ለሚቀርብ ጨዋታ የሚሆነው እኛ ራሳችን የማናምነው የራሳችን እውነት ነው፤ እሱን ፍለጋ መጻሕፍት ማገላበጥ ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

አሁን የያዝኩት ርዕስ አይጥ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ደረቅ መሬት ውስጥ ጎሬ ቆፍሮ የሚኖር፣ ፀጉር የሌለው የሚመስል ትንሽ እንስሳ አለ። መንጋው እንደ ንብ የምትወልድለት አንዲት ንግሥት አለችው። ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ መቆየት እንደሚችልም በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሦስቱም ያልፋሉ ብዬ አስባለሁ። ከሦስተኛው ላይ 18ን አወጣና «ረጅም ደቂቃዎች» እላለሁ። ዕድሜውን ስለ ድመት ጡረታ ከሚያወራ ውሸት ሥር አኖረዋለሁ። ንግሥቲቱን የት እንደማስገባት ግን ገና አልወሰንኩም፤ ንብ የሚለው ቃል ያስነቃባታል።